ቀልብና ቀለብ

ድምፁ የሚመጣው ከኋላው ነው። ሙአዊያ የሞተር ክዳን ሲፈታ፣ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ብሎን ሲያማርጥ፣ አንዳንዴም መንገድ ሲሻገር፣ «አባ» ይለዋል። ዞር ሲል የሐይቅ ከተማ አቧራ፣ ባጃጅና የሰው ትከሻ እንጂ ሌላ የለም። ልጁ ሂንድ ከእናቷ ጋር ውጫሌ ነች፤ ከዚያ ብትጣራ እንደማይሰማት ያውቃል። ቢያውቅም ይዞራል።

ነገሩ የጀመረው አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነው። ሙአዊያ የመስኖ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ በተሁለደሬም በአምባሰልም ሞተሩ የቆመበት ገበሬ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው። ያን ቀን ሚስቱ ኑርሀያት ገበያ ስለነበረባት የአራት ዓመቷን ሂንድን አስከትሎ ወረደ። ውሃው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና «እዚሁ ሁኚ፣ መጣሁ» አላት። እየሄደ ነው «መጣሁ» ያላት፤ ሰው ሁሉ እንደሚለው። ከዚያ ሞተሩን ከፈተ። ብልሽቱ ሌሎች መካኒኮች አይተው የተዉት ነበር፤ ሙአዊያ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር እጁ ሲገባ ምድር ብትገለበጥ አይሰማም። ሞተሩ ሲነሳ ገበሬዎቹ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። የሴት ጩኸት ሲሰማ እንኳ ማን ሞተ ብሎ ነው የዞረው። ልብስ ስታጥብ የነበረች ሴት ሂንድን እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ቆማ አግኝታ እየጎተተች ስታወጣት አየ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ደጋግማ እንደጠራችው፣ ዝም ሲላት በውሃው በኩል አቋርጣ ልትደርስበት እንደሞከረች የተናገረችው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ያኔ ያልሰማውን ጥሪ ነው እንግዲህ አሁን የሚሰማው።

ኑርሀያት አልጮኸችበትም። ከዚያ በፊት የተረሳ ምድጃ ነበር፣ መስጊድ በር ላይ የተረሳች ልጅም ነበረች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጮኻ ጨርሳ ነበር። ልብሷን ሸክፋ ልጅቱን ይዛ ውጫሌ እናቷ ቤት ሄደች። «ቀልብህ ሲመለስ ጥራን» ብቻ አለችው። ፍቺ አልጠየቀችም። እስከዚያ ግን ሂንድን ብቻዋን ከእሱ ጋር እንደማትተዋት አስረግጣ ነገረችው። የእሱም ምኞት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ልጁ ወደ ቤቷ እንድትመለስ፣ ለዚያ ደግሞ እሱ ልጅ የሚታመንበት ሰው እንዲሆን።

ቤቱን ልትይዝለት እናቱ ዑምኩልሱም መጣች። ለእሷ ምስጢሩ ግልጽ ነበር። አርዲቦ ሂንድን ሊወስድ ሲል ሴትዮዋ ቀደመችው፤ በልጅቱ ፈንታ የአባቷን ቀልብ አስቀረ። ከድሮም ቢሆን የዚህ ልጅ ቀልብ በቀጭን ክር የታሰረ ነው። አባቱ ሲሞት ሙአዊያ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነበር፤ ሰውዬው በመጨረሻዋ ሰዓት ሚስቱን ወደ አፉ አስጠግቶ «የሙአዊያን ቀልቡን ጠብቂለት» ብሏት ነው የሄደው። እሷም አደራዋን አልበላችም። ሂርዝ የሚባል ክታብ አሰረችለት፣ ቁርአን የተቀራበት ውሃ አጠጣችው፣ በየደጉ ሰው ቤት ዱአ አስደረገችለት። አደራው ግን እጇ ላይ እያለ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

ሙአዊያ በመጨረሻ ደሴ አንድ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ በትዕግሥት ጠየቀው፤ ትምህርት ቤት እንዴት እንደነበረ፣ ዕቃ ይጠፋበት እንደሆነ፣ ሰው ሲያወራው ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ። ከዚያ ችግሩ ስም እንዳለው ነገረው። የትኩረት ማነስ ይባላል፤ ከልጅነት ይጀምርና በብዙ ሰው ላይ እስከ ጉልምስና ይዘልቃል፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም። ስም ያለው መሆኑ ብቻ የሙአዊያን ዓይን እንባ ሞላው። መድኃኒቱ ግን በዚያ ሰሞን በከተማው አልነበረም። እስኪመጣ ድረስ ብሎ ሐኪሙ ስለ አበላሉ ጠየቀው፤ እሱም ሳይደብቅ ተናገረ። ቁርስ አያውቅም። ረሃቡን በለስላሳና በብስኩት ያታልላል። ከቀትር በኋላ ጫት ነው፤ ማታ ያገኘውን ይበላል። ሆዱ አንድ ቀን እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ሌላ ቀን ይደርቃል።

ሐኪሙ ቃሉን እየመዘነ ነበር የመለሰለት። አንጀትና አንጎል ይነጋገራሉ አለው። አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በትኩረትም በስሜትም ላይ እጃቸው ሳይኖርበት አይቀርም የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ነገሩ ግን ገና አልጠራም። ምግብ ብቻውን ያድንሃል የሚልህ ካለ አትመነው። በሰዓቱ ብላ፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ እርጎ፣ ካገኘህም ዓሣ። ስኳሩን ቀንስ፣ ጫቱን ተው፣ እንቅልፍህን ተኛ። ሊረዳህ ይችላል።

«ሊረዳህ ይችላል» ያለውን ሙአዊያ «ይመልስልሃል» ብሎ ሰማው።

ዓሣውን የሚያመጣለት አሻግሬ ነበር፤ ከከተማው አጠገብ ካለው ሐይቅ እያጠመደ የሚኖር የልጅነት ጓደኛው። «ሞተር በናፍጣ፣ አንተ በዓሣ» እያለ ያላግጥበታል። ዑምኩልሱም ግን ዓሣ ቤት በገባ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። ይኼኮ የአርዲቦ አይደለም ቢላት፣ ውሃ ከውሃ ይማከራል አለችው። እሱ ይስቅና ይበላል። ይሁንና አንዳንዴ እሾሁን ሲለቅም፣ ከውሃው ሆድ የራሱን ነገር እየመዘዘ የሚበላ ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ያስቀምጠዋል።

አንድ ጁምዓ የአባቱ ታናሽ ወንድም አብዱልከሪም ከአምባሰል መጣ። ምሳ ቀረበ፤ ምስር፣ ጎመን፣ ዓሣ፣ በጎን እርጎ። ሽማግሌው ማዕዱን አየና ሳቀ።

«ማሻአላህ። የወንድሜ ኑዛዜ ይኸው ዛሬ ደረሰ።»

«የምን ኑዛዜ?» አለች ዑምኩልሱም።

«ቀለቡን ጠብቂለት ያለሽ ነዋ።»

እጇ ማዕዱ ላይ ቀረ። «ቀልቡን ነው ያለኝ።»

«ቀለቡን ነው። እኔም ግርጌው ነበርኩ።»

«የእኔ ጆሮ አፉ ላይ ነበር፣ አንተ ሰው።»

«ጆሮሽ እያለቀሰ ነበር» አለ አብዱልከሪም፣ አሁን ሳይስቅ።

ከዚያ እጁን ታጥቦ ቀስ እያለ ተናገረ። ወንድሙም እንደ ልጁ ነበር። ፍየል ይዞ ወጥቶ ገመድ ይዞ ይመለሳል፤ ለሰላምታ የቆመበት ቤት ደጅ በሬዎቹን ረስቶ ይመጣል። እናታቸው ግን አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ቀን ይብስበታል። ስለዚህ ጎልማሳ ከሆነም በኋላ በሶ በጋቢው ጫፍ ቋጥራ ትሰደው ነበር። እሱም ራሱ፣ ሳልበላ ስውል ጭንቅላቴ በሩ እንደተከፈተ ቤት ነው፣ የፈለገው ይገባበታል ይል ነበር። ልጁን ሲያይ ራሱን አየ። ሲሞትም የፈራለት ይህንኑ ነው።

ዑምኩልሱም እጇን ከማዕዱ አነሳች። ስትናገር ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ባሏ ሲሞት የቀረቻት አንዲት የምትታለብ ፍየል ነበረች። ወተቷን በየጠዋቱ ለሼሁ ደረሶች፣ ለቁርአን ተማሪዎቹ፣ ሰደቃ ታደርስ ነበር፤ ለልጇ ቀልብ ዱአ እንዲያደርጉላት። ልጁ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

«ቀለቡን ሰጥቼ ነው ቀልቡን የለመንኩለት» አለች።

«አብሽሪ እማ» አላት ሙአዊያ። «ሐኪሙም እርግጠኛ አይደለም። ወተቱን ጠጥቼ ባድግም ይኸው ሰው እሆን ነበር ይሆናል።»

እውነቱን ነበር፤ እውነቱ ግን አላጽናናትም። ከዚያ ቀን ወዲያ ከዓሣው ፊቷን አላዞረችም፤ ራሷ ትገፈዋለች፣ ራሷ ትጠብሰዋለች። ሥራ ስትፈታ ግን ግድግዳ ተደግፋ ሁለቱን ቃል በሹክሹክታ እያፈራረቀች ትላቸዋለች። ቀልቡን። ቀለቡን። የትኛው በሟች አፍ እንደሚሞላ የምትለካ ትመስላለች። ሙአዊያ ከሥራ ሲገባ ይህን ሲሰማ፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ እየመሰለው ጫማውን ቀስ ብሎ ያወልቃል።

ሳምንታት አለፉ። ሆዱ ረጋ። ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጯጯኸው ገበያ ጠዋት ጠዋት መሳሳት ጀመረ። መፍቻውን ያስቀመጠበት ያገኘዋል፤ ለገበሬ የሰጠውን ቀጠሮ ያስታውሰዋል። ከኋላው የሚጠራው ድምፅም ራቅ እያለ ሄደ፤ አልጠፋም። የበጀው ምግቡ ይሁን፣ የተወው ጫት፣ ወይስ እንቅልፉ፣ ለይቶ ሊያውቀው አልቻለም። አብዱልከሪም ወሬውን ይዞ ውጫሌ ደረሰ።

ኑርሀያት ደወለች። ደሴ አክስቷ ሞታለች፤ ለቅሶ ልትደርስ ነው። ስታልፍ ሂንድን እሱ ዘንድ ጥላት ከሰዓት ልትመለስ አስባለች። እናቱ እንደሌለች፣ የባሏን መቃብር ልትዘይር አምባሰል እንደወጣች ነገራት። አውቃለሁ አለችው። ሙአዊያ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ ይዞት ቆየ።

በማግስቱ ቁርሱን በልቶ፣ ቤቱን ጠርጎ፣ ምስር ጥዶ ጠበቃት። ሚኒባሱ ደጁ ፊት ለፊት ቆመ። ኑርሀያት ልጅቱን ይዛ ወረደች፤ ሂንድ ቁመት ጨምራለች፣ እጇን ከእናቷ እጅ ሳታላቅቅ አየችው። ኑርሀያት ቆማ ማስረዳት ጀመረች፤ ስለ ምሳዋ፣ ስለ ልብሷ፣ ስለ እንቅልፏ። ከጋራዦቹ በኩል አንድ ሞተር ይነሳና ይጠፋል፣ ይነሳና ይጠፋል። አየር ይዟል፤ አለበለዚያ ማጣሪያው ነው። ቢያንገራግርም ሊነሳ ነው። አይ፣ አሁንም ጠፋ።

ሐሳቡ ተመልሶ ሲመጣ የኑርሀያት አፍ እየተዘጋ ነበር።

«እሺ?» አለችው።

ራሱን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። የሚፈልገው ሁሉ ክንዱ የሚደርስበት ቦታ ቆሟል፤ ረዳቱ «ደሴ! የቀረ ደሴ!» እያለ በሩን ይደበድባል። እንደዚያን ጠዋት ደኅና አድሮ፣ ደኅና በልቶ አያውቅም። እሺ የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳለች።

«ኑሪ፣ ያልሽኝን አልሰማሁም» አላት።

«የቱን?»

«ከመሃል ጀምሮ ያለውን። ሞተር እያዳመጥኩ ነበር።» እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። «ተሽሎኛል፣ ወላሂ ተሽሎኛል። ግን ከእኔ ጋር ብቻዋን አትተያት።»

ፊቷ ላይ የመጣውን ማየት ፈርቶ መሬት መሬት አየ። ልጅቱን ይዛ እንደምትሳፈር፣ ዳግመኛም እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበር። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ሰማ። ቀና ሲል ሁለቱም እዚያው ናቸው።

«ምን እንዳልኩህ ታውቃለህ?» አለችው፣ ልጅቱ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከአርዲቦ ወዲህ በእንቅልፏ ትነሳለች። ቀንም ብትተኛ ትነሳለች። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ግን አታይም። በር ትከፍታለች። ባለፈው እናቴ ቤት አጠገብ ያለው ወንዝ አፋፍ ላይ ነው ያገኘናት። በሩን ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት ነው ያልኩህ።»

ሙአዊያ ወደ ቤቱ በር አየ። ጠዋት ለነፋስ ብሎ በድንጋይ ደግፎ ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ቁልፉ የት እንዳለ አሰበ፤ አላገኘውም።

«ድገምልኝ» አለችው።

ደገመላት። እንደገና አስደገመችው። ከዚያ አልፋው ገባች፣ ድንጋዩን በእግሯ ገፋችው።

ደሴ ላሉት ዘመዶቿ ደውላ ነገ እንደምትመጣ ነገረቻቸው። ወደዚህ ቤት ስለ መመለሷና ስለ እሱ ግን ምንም አላለችም። ሂንድ ምስሯን በእርጎ በላችና ፍራሹ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቁልፉን ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር አገኙት። ኑርሀያት በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለእሱ ሰጠችው፤ በሁለቱ መቃኖች አጠገብ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ልጅቱ ተነሳች። ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። በመካከላቸው አልፋ መጣች፤ የቀሚሷ ጫፍ ጉልበቱን ነካው። ሊጠራት አፉን ሲከፍት ኑርሀያት ክንዱን ያዘችው፤ ራሷን ነቀነቀችለት፣ ተው እንደማለት። ሂንድ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ መቀርቀሪያውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ዝግ ብላ ታንቀሳቅሰው ጀመር፣ ከውጭ የሚጠብቃት እንዳለ ሁሉ።

አስፋልቱ ላይ አንድ መኪና እየተንተፋተፈ አለፈ። ሙአዊያ ሰማው፤ ይሂድ ብሎ ተወው። ዓይኑን ልጁ ላይ የያዘለት የበላው ምስር ይሁን ፍርሃቱ አላወቀም፤ ለማወቅም አልሞከረም። ትንንሾቹን ጣቶች ብቻ አየ፣ መቀርቀሪያውን እስኪተዉት፣ እሷም ተመልሳ እስክትተኛ ድረስ።