ስሙን የጠራች ሴት

«ይቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች» አለ አንዳርጌ፤ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

የተናገረው ለአስተርጓሚው ለያዕቁብ ነው። ሴትዮዋ ሚስቱ በለጡ ናት። አሲዳ የሚሉትን የሱዳን ገንፎ በክዳን ሳህን ይዛ፣ ከአቧራው ለመሸሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ያለውን ሰምታለች። በክፍሉ ያሉ በሽተኞችም ሁሉ ሰምተዋል።

አንዳርጌ ሱዳን ውስጥ ሀዋታ ወደሚባል አገር ማሽላ ሊያጭድ ሄዶ ወደሚኖርበት ወደ ገዳሪፍ ከተማ ሲመለስ ከሎሪ ላይ ወደቀ። ዝናቡ በከዳበት በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት የሚታጨድ ብዙ አልነበረም፤ ሠራተኛው በግማሽ ጭነት ላይ ተቀምጦ ነበር የሚመለሰው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሌሎቹ ገመድ ያዙ፤ እሱ አልያዘም። ጭንቅላቱ ተመትቶ ብዙ ቀን አልነቃም። ሲነቃም ቀኝ ጎኑ ሰንፎ፣ ቃላት ጠፍተውበት፣ ውሃውን እሳት ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሩ ተመልሷል። ቃሉም አብዛኛው ተመልሷል። ያልተመለሰችው በለጡ ናት።

ያለበት ቦታ የእርዳታ ሰዎች ከከተማው ዳር ያቆሙት የሕክምና ጣቢያ ነው። በድንበሩ በሐምዳይት በኩል በየቀኑ የሚገባው ረሃብተኛ አልጋ ይፈልጋል። ስለዚህ መራመድ የቻለ ሁሉ እንዲወጣ ተባለ፤ ዘመድ ያለው ከዘመዱ ጋር፣ ዘመድ የሌለው በሎሪ ወደ ፋው መጠለያ። ፋው ሩቅ ነው። ሚስቱን የማያውቅ ሰው እዚያ ሕዝብ መሀል ከገባ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

«ሚስቱ ነኝ ማለት ብቻ አይበቃም» አላት ያዕቁብ ወደ ዳር ስቦ። ያዕቁብ ልጅ ሆኖ ሱዳን የገባ፣ አማርኛውን በዓረብኛ እየለወሰ የሚናገር ሰው ነው። «ራሽን ለማብዛት ብለው የማያውቁትን በሽተኛ ባሌ ነው ያሉ ሴቶች ነበሩ። የሚሰጠውን ዱራ፣ ማሽላውን፣ ወስደው ሰውየውን ሱቅ በር ላይ ጥለውት ሄዱ። እኔ አምንሻለሁ፣ ወላሂ። እሱ ራሱ አይደለችም ካለ ግን ኸላስ፣ አበቃ፤ ማን ይሰጥሻል?»

«አምንሻለሁ» ሲል ዓይኑ ሳህኗ ላይ ነበር። በለጡ ይህንን ልብ አለች።

አንዳርጌን የምታለማምደው ኢንቲሳር የምትባል የገዳሪፍ ሴት ናት። በሁለት የብረት ቧንቧዎች መሀል ታስኬደዋለች፤ ከጣሳ ወደ ጣሳ ውሃ እንዲገለብጥ፣ ቁልፍ እንዲቆልፍ፣ የጨርቅ ኳስ በቀኝ እጁ እንዲጨብጥ ታደርገዋለች። በለጡም አጠገቧ ቆማ ትማራለች። እቤት ስትመልሰው ይህንን ሁሉ ራሷ ልታሠራው ነው። ገና እንደ ነቃ ሰሞን፣ ዓይኑ ሰው ላይ መቆም ሲያቅተው፣ ኢንቲሳር በያዕቁብ አፍ እንዲህ ብላት ነበር፦

«ስሙን ጥሪው። ስትመጪ፣ ስትሄጂ፣ ስታጎርሺው፣ ስሙን እየደጋገምሽ ጥሪው። ያነቃዋል።»

በለጡ ደነገጠች። በአገሯ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ብትጠራ እሱን ማቃለል ነው፤ የሰማም ይታዘባታል። ግን ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት መሰላት። ከሰዉ ተሸሽጋ ራኩባ ከሚሉት የሸንበቆ ዳስ ጀርባ ሄዳ ተለማመደች። በአፏ የጨው ድንጋይ የያዘች ያህል ከበዳት። ከዚያ ገብታ አልጋው አጠገብ ጎንበስ አለችና «አንዳርጌ» አለችው።

ዓይኑ ተነሣ። ፊቷ ላይ ቆመ። ኢንቲሳር አጨበጨበች።

በዚያ ዓይን ውስጥ ግን ፍርሃት ነበረ። በለጡ ብቻ አየችው። አፉ በተፈታ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር «ይቺ ሴትዮ ማናት?» የሚል ነበር። «ሚስትህ» ሲሉት «ሚስቴ ያለችው ሀዋታ ነው» አለ።

ሀዋታ።

በለጡ ሀዋታን ረግጣ አታውቅም። እሱ ግን በየአጨዳው ይሄዳል፤ ወራት ይቀመጣል። የተመታ ራስ የሌለ ነገር ይፈጥራል ወይስ የተደበቀውን ያወጣል? ይህንን የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። አብሮት ያጨደውን፣ ከወደቀበት አንሥቶ ያመጣውን ታምሬን ፍለጋ ገበያ ወረደች። ታምሬን ጆንያ ሲያራግፍ አገኘችው።

«ሀዋታ ያለችው ማን ናት?» አለችው፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

«ማን ማን ናት?»

«ሴቲቱ።»

«እህቴ፣ ሀዋታ ስንት ሴት አለ! የትኛዋን ልቁጠርልሽ?»

«እሱ ጋ የምትመጣዋን።»

ታምሬ ጆንያውን አወረደና አንገቱን በመሐረቡ ጠረገ። «አንዲት ሻይ ሻጭ ነበረች። ሁላችንም ሻይ ጠጣን። ሻይ መጠጣት ትዳር ከሆነ እኔ ስንት ሚስት እንዳለኝ መድኃኔ ዓለም ይወቅ።»

አጠገቡ የነበሩት ተሸካሚዎች ሳቁ። በለጡ አልሳቀችም። «ለምን አላየኸኝም እንግዲያ?»

«ምን?»

«ስትመልስልኝ። ወደ ጆንያው ነው የምታየው።»

«ጆንያው ስለሚሰረቅ ነዋ!» አለ ታምሬ፤ አሁን ተቆጥቷል። «ባልሽን ከመሬት ያነሣሁ እኔ፣ ደሙ ሸሚዜ ላይ የደረቀ እኔ፣ ደግሞ ውሸታም ልሁንልሽ?»

አፍራ ተመለሰች። ማፈሯ ግን ጥርጣሬዋን አልወሰደላትም። ያንኑ ቀን ከሰዓት ለጎጆዋ መጥረቢያ ተዋሰች። እንዳይወድቅ የአንገረቡን፣ የገመድ አልጋውን፣ እግሮች አሳጠረች። የሚያደናቅፈውን የበሩን ግንድ ነቅላ ወለሉን ደልድላ መታችው። ሌሊት ወደ ውጭ ሲወጣ የሚይዘው ገመድም ከበሩ እስከ ጓሮ ወጠረች። ቋጠሮውን ስታጠብቅ፣ ይህንን ሁሉ ለሌላ ሴት ባል እያዘጋጀሁ ይሆን እያለች ነበር። ቢሆንም አጠበቀችው። ቢላላ የሚወድቀው እሱ ነው።

ሎሪው ሊመጣ ሲቃረብ ያዕቁብን ለመነችው። «ለምን እንደማያምነኝ ጠይቅልኝ። እኔ ደጅ ሆኜ እሰማለሁ።»

ያዕቁብ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አያ አንዳርጌ፣ ሴትዮዋን ለምን ጠላሃት?»

«ለምን እጠላታለሁ? ምስኪን ትመስላለች። ምግቧም ደህና ነው» አለ አንዳርጌ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ሚስቴ ስሜን ጠርታ አታውቅም። ይቺ ከደጅ ጀምራ አንዳርጌ አንዳርጌ ትለኛለች፣ እንደ ፖሊስ። አንዱ ስሜን ነግሯት ነው።»

ያዕቁብ ሳቁ አመለጠው። «ሚስትህስ ምን ትልሃለች?»

«የማሬ አባት ትለኝ ነበር። ልጃችን ማሬ ስንሰደድ፣ ሸኸዲ ከተማ ሳንደርስ መንገድ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የምትጠራኝበት ስም የላትም። መጥታ ፊቴ ትቆማለች። ዝም ብላ። እኔም እሺ እላለሁ።»

በለጡ ደጅ መሬት ላይ ተቀመጠች። መድኃኒት ብላ ስትሰጠው የኖረችው ስም ነበር የለያያቸው።

በማግስቱ ስሙን አልጠራችም። ገብታ ፊቱ ቆመች፣ እጇን በነጠላዋ ውስጥ አድርጋ፣ እንደ ድሮው። አንዳርጌ የጨርቅ ኳሱን ከእጁ ጣለ። ረጅም ጊዜ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ «እሺ» ሊል ነው ብላ ጠበቀች።

«ማን ነገረሽ?» አላት።

«ምኑን?»

«እንዲህ እንደምትቆም።» ወደ ያዕቁብ ዞረ። «አንተ ነህ! አምኜ ብነግርህ ሄደህ አስተማርካት!»

«ወላሂ እኔ—»

«አትማል!»

በለጡ ከእንግዲህ የምታውቀውን ሁሉ ብትነግረው፣ የማሬን መቃብር፣ የእናቱን ስም፣ ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ ብትቆጥርለት፣ ማን ነገረሽ ይላታል።

ሎሪው በመጣ ቀን ኢንቲሳር ሁለቱንም ቧንቧዎቹ አጠገብ አቆመቻቸው። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። ወደ ፋው የሚሄዱት ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ኢንቲሳር በዓረብኛ ተናገረች፤ ያዕቁብ ተረጎመ። «ከዚህች ሴት ጋር ትሄዳለህ ወይስ ፋው?»

አንዳርጌ ሎሪውን አየ። ከላይ የተቀመጡትን ሰዎች፣ ከዚያም የሚይዙትን ገመድ አየ።

«ፋው ከሄድኩ ሚስቴ አታገኘኝም» አለ። «ይኸኔ ሀዋታ ድረስ ልትፈልገኝ ሄዳ ነው። አለዚያ ይህን ያህል ጊዜ አትቀርብኝም ነበር። ስታጣኝ ወደ ገዳሪፍ ትመለሳለች።» ወደ በለጡ ዞረ። «አንቺ ዘንድ እቀመጣለሁ። እሷ እስክትመጣ ብቻ ነው።»

በለጡ ነጠላዋን አስተካክላ ለመሄድ ተዘጋጀች።

«ምን አለ?» አለች ኢንቲሳር።

ያዕቁብ አንዳርጌን አየ፣ በለጡን አየ። «እሄዳለሁ አለ።»

«ከሚስቱ ጋር?»

«ከሚስቱ ጋር» አለ ያዕቁብ፤ ይህን ጊዜ ዓይኑ ሳህን አልፈለገም።

በአህያ ጋሪ ሄዱ። አንዳርጌ የጋሪውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በየመታጠፊያው ወዴት እንደምትወስደው እየጠየቀ ደረሱ። ጎጆው በር ላይ ቆሞ አልገባም። በዱላው የተደለደለውን ወለል ነካ ነካ አደረገ። ገመዱን እስከ ጓሮ በዓይኑ ተከተለው። አጭሩን አንገረብ አየና ፊቱ ጨፈገገ።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ለታመመ ሰው።»

«ባል አለሽ?»

«አለኝ።»

«የታለ?»

የምትመልሰውን አሰበች። ብትዋሸው ይነቃባታል፤ እውነቱን ብትነግረው አያምናትም። «ገና አልደረሰም» አለችው።

አንዳርጌ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። «እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ሴትዮ። አንቺም ባል አለሽ። ድንገት ቢመጣና ከውስጥ ቢያገኘኝ ምን ይላል? አልጋውን ወደ ደጅ አውጪልኝ። በሩ ላይ ካለው ዳስ ሥር እተኛለሁ፣ መንገደኛም እንደሆንኩ ይታያል።»

እየፈተናት ይሁን አይሁን ልታውቅ ፊቱን ፈለገች። ፊቱ ላይ ያለው ጭንቀት ብቻ ነበር፤ ለእሷ ስም የሚጨነቅ፣ ጨዋ የሰው ባል።

«እሺ» አለች።

ብቻዋን ልትጎትተው ስትል አንዳርጌ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ በወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ አለ።

«ቀኝ እጅዎን ይተዉት፣ በግራዎ ይያዙ» አለችው።

«አውቃለሁ። አለማምደውኛል።» አንገረቡን አነሣና በበሩ መሀል ሲደርሱ ቆመ። «ቀስ በይ እንጂ፤ ግድግዳሽን ልታፈርሺ ነው።»