ቀዩ ካባ

አዲሷ የቀዩን የቅዳሴ ካባ ጠርዝ እየቀመቀመች ነበር። መርፌዋ ሐሩን በጫፉ ብቻ ነካ እያደረገች ትወጣለች፤ ከፊት ለፊት ላየው ክሩ የት እንደገባ አይታወቅም። የቀራት ሁለት ስንዝር ያህል ነው።

«አዲሷ» ያሏት አማቷ ናቸው። ወደዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባች ዘጠኝ ዓመት አልፏል፣ ባሏን ከቀበረችም ሦስት፤ ስሙ ግን ከላይዋ አልወረደም። ለጋብቻዋ ስትል ካቶሊክ የሆነች ናትና፣ በአማቷ ዓይን ምንጊዜም የመጣች እንጂ የነበረች አይደለችም።

ቤቱ የሚኖረው የካህናት ልብስ በመስፋት ነው። ደህና የስፌት መኪና ያለው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ባሏ ይሠራበት የነበረው፣ በመስኮቱ ሥር የተቀመጠው ነው። ከፋሲካ ወዲህ የባሏ እህት ዓይኗን ጥላበታለች። በዚያው ሰሞን አዲሷ አንድ መስቀል አጣማ ሰፍታ ስለነበር፣ አማቷ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ሳያነሱ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ ሌላ አንድ ሥራ ካበላሸች መኪናውን ልጃቸው እንደምትረከብ፣ እሷም ወደ ወላጆቿ ቤት ጓዟን እንደምትጠቀልል ነገሯት። ወላጆቿ ደግሞ ሃይማኖቷን ከለወጠች ጀምሮ በራቸውን ዘግተውባታል። ይህንን አማቷም ያውቃሉ።

ቀለሞቹን ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ነጭ ለደስታ፣ ሐምራዊ ለንስሐ፣ ቀይ ለደም። ቅዱሳን የሚከበሩት በሞቱበት ቀን ነው፤ ለእኛ ሞት ቢመስልም ለእነሱ ወደ ሰማይ የተወለዱበት ነውና። በሰው እጅ ለተገደለ ቀይ ትቆርጫለሽ፣ አልጋው ላይ ለሞተ ነጭ። ሌላም ሕግ አላቸው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ሁሉ ልኩና የተቆረጠበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይሰካበታል። አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት ያስቀመጡት ጨርቅ የለም።

ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት በመጥምቁ ዮሐንስ ስም ከተሰየመው የካቶሊክ ደብር፣ ከቁምስናው፣ ትእዛዝ መጣ፤ ለበዓሉ አዲስ ካባ። የዮሐንስ አንገቱ መቆረጡን የማያውቅ የለምና አዲሷ «ቀይ ነው አይደል እማማ?» ብላ ጠየቀች።

«መቀሱ በማን እጅ ነው ያለው?» አሏት።

እሺታ መሰላት፤ ቆረጠች። አማቷም በየቀኑ በአጠገቧ እያለፉ ቀዩ ሐር ካባ ሲሆን አዩ። አንድ ቀን እንዲያውም ቆም ብለው «እጅሽ ተስተካክሏል» አሏት። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ምስጋና ነበርና ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረባት።

ዛሬ ጠርዙን እየቀመቀመች ሳለ በሩ ተከፈተና የቁምስናው ቄስ ካባውን ሊለኩ ገቡ። ከኋላቸው አማቷ፣ ከአማቷ ኋላ ደግሞ የባሏ እህት፣ በሥራ ቀን የክት ጫማዋን ተጫምታ። ቄሱ ቀዩን ካባ ሲያዩ በሩ ላይ ቀሩ።

«የፊታችን እሑድ እኮ ልደቱ ነው» አሉ። «ሰውዬው በተወለደበት ቀን አንገቱን እንቁረጠው እንዴ?»

የባሏ እህት ሳቀች። አዲሷ መርፌዋን እንደያዘች ደረቀች፤ ፊቷ ከሐሩ ብሶ ቀላ።

አማቷ ተነፈሱ፤ ረጅም፣ የደከማት እናት ትንፋሽ። ለቄሱም ምን ላድርግ አባ፣ ከልጅነቷ ያላደገችበት ነገር ነው፣ ስንት ጊዜ ብነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች አሏቸው። የሟች ልጄ ሚስት ናት ብዬ ብታገሥም የእግዚአብሔር ቤት ልብስ መቀለጃ አይሆንም፤ ከዛሬ ጀምሮ መኪናው ላይ ልጄ ትቀመጣለች፤ ነጩንም እስከ ቅዳሜ ታደርሳለች አሉ።

«አልነገሩኝም» አለች አዲሷ። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «አባ፣ ቅዱስ በሞተበት ቀን ይከበራል ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

ቄሱ እውነት ነው አሉ፤ ግን ሦስት ልደቶች ከዚህ ሕግ ይወጣሉ፤ የጌታ፣ የእናቱና የዮሐንስ። ዮሐንስ ገና በማኅፀን ሳለ እመቤታችን እናቱን ልትጠይቅ ስትመጣ በደስታ ዘልሏል፤ ሳይወለድ መንፈስ ቅዱስ የሞላው ነውና ልደቱም በነጭ ይከበራል። መልአኩ ለእመቤታችን ባበሠራት ጊዜ ኤልሳቤጥ ስድስተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ለዚህ ነው በዓሉ ከገና ስድስት ወር ቀድሞ የሚውለው። ይህን ሁሉ ሲሉ ዓይናቸው ከአማቷ ላይ አልተነሣም። «ይህን ደግሞ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል» አሉ።

አማቷ እንዳልሰሙ ሆነው ሐሩ ወደሚቀመጥበት ሳጥን ሄዱ። ቁልፉ ከአንገታቸው አይለይም። ነጭ ሐር አንድ ቁራጭ አይጠፋም ይሆናል እያሉ ጥቂት በረበሩና አንድ ጥቅል አወጡ። የባሏ እህት እጇን ዘረጋች። አዲሷ ግን ለጠረጴዛው ትቀርብ ነበርና ቀድማ ተቀብላ ዘረጋችው።

ቁራጭ አልነበረም። የፊቱ፣ የኋላው፣ ገበሩ፣ ሁሉም ተቆርጦ በየተራው ተደርቧል። ወርቃማው ጥብጣብ ሳይቀር ተለክቶ ተጠቅልሏል። ጥጉ ላይ ወረቀት ተሰክቷል፤ የቄሱ የትከሻ ልክ፣ የቁመታቸው ልክ፣ ከሥሩ በአማቷ የእጅ ጽሑፍ ቀን። ትእዛዙ የመጣበት ቀን።

ወረቀቱን ነቅላ ለቄሱ ሰጠቻቸው። ድምፅዋ ተመልሶላታል።

«እማማ አስቀድመው ቆርጠውልኛል» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

የባሏ እህት ጫማዋን ታይ ጀመር። ቄሱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው እንደነበረ አጠፉትና ለአዲሷ መለሱላት። ነጩን እሷ ትስፋው አሉ፤ ቀዩንም አይተዉትም፤ የዮሐንስ አንገት በተቆረጠበት በዓል የሚለብሱት የድሮው ካባ ትከሻው አልቋል። ልካቸው እንዲረጋገጥ ክንዳቸውን ሲዘረጉ አማቷ ሜትሩን ይዘው ቢቀርቡም፣ ዞር ብለው ለአዲሷ ቆሙላት።

ቄሱ ሲወጡ የባሏ እህትም ተከትላ ወጣች። አማቷ በሩን ዘግተው በጀርባቸው ተደገፉት።

«ዛሬ ቄስ ፊት አዋረድሽኝ» አሉ። «መኪናውን ግን አልሰጥሽም።»

«አልለምንዎትም እማማ» አለች አዲሷ፤ ወደ መስኮቱ ሄዳም መኪናው ፊት ተቀመጠች። «ተቀምጬበታለሁ።»

አማቷ ሳጥኑን ቆልፈው ወደ ጓዳ ገቡ። የዕቃ መጋጨት ከዚያ ይሰማት ጀመር፤ እስከ እሑድ፣ ምናልባትም ከዚያ ወዲያ፣ በዚህ ቤት የምትሰማው ንግግር ይኸው ብቻ እንደሚሆን አወቀች።

ነጩን ለጊዜው ወደ ጎን አደረገችው። ቀዩን ወደ ጭኗ ስባ የቀሩትን ሁለት ስንዝሮች ቀመቀመች፤ ሳትቸኩል፣ ክሩ ሳይታይ። ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ወረቀት ቀደደችና ልኩን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ከሥሩም «አንገቱ ለተቆረጠበት» ብላ ጨመረች፤ ደረቱ ላይ ሰክታ ካባውን አጥፋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው፤ ከፍ ወዳለው መደርደሪያም አወጣችው።