ለሰሊማ ሰርግ የተላከው ምርቃት

እሑድ ጠዋት ዝናሽ ቤይሩት ዳር፣ ባውሽሪዬ ካለው ክፍሏ ስትወጣ ወገቧ ገና ከሳምንቱ ሥራ አልተላቀቀም። ቅዳሜ ዕለት ማዳሟ የቤቱን ምንጣፍ በሙሉ ስላሳጠበቻት ጣቶቿ አልጨበጥ ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል በወደደች። ግን በስልኳ ልትቀርጻት ለረሺዳ ቃል ገብታለች፤ ረሺዳ ደግሞ ሰው ማስቸገር የማትወድ፣ ስትለምን አንገቷን የምትደፋ ሴት ስለሆነች ሳትሄድላት መቅረት አልቻለችም።

ሁለቱን ያገናኛቸው ቨርደን ሠፈር ያለው ሕንጻ ነው። ዝናሽ አራተኛው ፎቅ ላይ እየተመላለሰች ትሠራለች። ረሺዳ ስድስተኛው ላይ ከአሠሪዎቿ ጋር ትኖራለች። አንዷ በኪራይ አዳራሽ የምታመልክ ጰንጤ፣ ሌላዋ የሱብሂ ሶላት የማያልፋት የወሎ ሐይቅ ሙስሊም ናቸው፤ የጋራ ደረጃቸው የሠራተኞቹ ደረጃ ነው። ቆሻሻ ሲያወርዱ ይገናኛሉ፤ አንዷ የአንዷን ከረጢት ይዛ ትንሽ ያወራሉ። ረሺዳ በዕድሜ ስለምትበልጥ ዝናሽ «እታለም» ትላታለች።

ስልኩ የዝናሽ ማዳም ልጅ የአይዳ ነበር። አይዳ ለትምህርት ፈረንሳይ ስትሄድ አዲስ ተገዛላትና አሮጌውን «ኹዲ፣ ሐቢብቲ» ብላ ለዝናሽ ጥላላት ሄደች። እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ነው። ሲከፈት ሰፊ ስክሪን አለው፤ ሲታጠፍ ደግሞ በውጪ በኩል ሌላ ጠባብ ስክሪን ይበራል። ዝናሽ መጀመሪያ ለመዝናኛ ያህል የአዳራሹን መዘምራን ቀረጸችበት። ከዚያ ወሬው ተዛመተና እሑድ በመጣ ቁጥር አንዷ ወይ ሌላዋ «ዝንዬ፣ አንድ ጊዜ አንሺኝ» ትላት ጀመር። የማያውቁትን ሰው መኪና ተደግፈው፣ ገብተውበት የማያውቁት ሆቴል በር ላይ ቆመው፣ ከጓደኛ የተዋሱትን ቦርሳ አንግበው ይነሳሉ። ዝናሽ ፊታቸውን በፊልተር ታለሰልሳለች፣ ከዓይናቸው ሥር ያለውን ጥቁረት ታጠፋለች፣ ሙዚቃ ትጨምርበታለች። መጀመሪያ ያስደስታት ነበር። አሁን አሁን ግን ሁሉም አንድ ፊት እየመሰላት ሰልችቷታል።

ባሕር ዳሩ መንገድ፣ ኮርኒሹ ላይ፣ ረሺዳ ቀድማት ደርሳ የባሕሩን ግንብ ተደግፋ አገኘቻት። ቡናማ ቀሚስና አዲስ ሻሽ ለብሳለች።

«የሰሊማ ኒካህ ደርሷል» አለች ረሺዳ፣ ከሰላምታው በኋላ። ሰሊማ ልጇ ናት። «ወንድሜ አብዱልዋሂድ ድግሱ ላይ በቴሌቪዥን እናሳይሻለን፣ መርቀሽ ላኪ አለኝ። መሄዱ እንደሆነ አልሆነም፤ ማዳሜ ምትክ ሳላገኝ ወዴት ትሄጃለሽ እያለች ከዓመት ዓመት ታሻግረኛለች። ያኒ፣ ያው በስልክም ቢሆን።»

«ይሆናል፣ እታለም። አሁን እናሳምርሻለን።»

ዝናሽ ስልኩን ዘረጋችና የውጪውን ስክሪን አበራችው። ይህን ሁልጊዜ ታደርገዋለች፤ የሚቀረጸው ሰው በውጪው ስክሪን ራሱን እያየ ሻሹን ያስተካክላል፣ አንገቱን ያቃናል። ሴቶቹ ይወዱታል።

ረሺዳ ግን መጀመሪያ ዞር ብላ ወደ ኋላዋ ተመለከተች፤ ሌላ ሰው የቆመ መስሏታል። ከዚያ እንደገና ስክሪኑን አየች። ቀስ ብላ እጇን ወደ አፏ አመጣች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

ዝናሽ ስልኩን ዝቅ አደረገችው። «ፀሐዩ ፊት ለፊት ስለሆነ ነው» አለች።

«ፀሐይ አይደለም።» ረሺዳ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። «መስታወት እኮ በየቀኑ ነው የምወለውለው። ለካ ስትወለውዪው ጠብታውን እንጂ ፊትሽን አታዪም።»

ከዚያ ነገረቻት። አገሯን የለቀቀችው ሰሊማ ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሳ አይታታለች። ከጊዜ በኋላ በታጠበ እብነ በረድ ላይ ወድቃ የፊት ጥርሶቿ ሲሰበሩ፣ በቪዲዮ መደወሉን ተወች። «ኔትወርክ የለም፣ ማዳም አትፈቅድም» እያለች በድምፅ ብቻ ስታወራት ኖረች። የሰሊማ ስልክ ላይ ያለችው እናት፣ ያኔ ቤይሩት እንደገባች የተነሳችው፣ ጉንጨ ሙሉዋ ረሺዳ ናት።

«አሳምሪኝ» አለች በመጨረሻ። «እነዚያን ልጆች እንደምታሳምሪያቸው።»

ዝናሽ አሳመረቻት። የውጪውን ስክሪን አጠፋችና ፊልተሩን ከፍ አደረገችው። የረሺዳ ቆዳ ተወለወለ፣ ጉንጮቿ ሞሉ፣ ዓይኖቿ ጎሉ። ከንፈሯን እምብዛም ሳትከፍት «አላህ ይባርክላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ» አለች። ቤይሩት ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው የጦር ድሮን ድምፁ አብሮ እየገባ ስላስቸገራቸው ደጋግመው ቀረጹት። በመሃል ዝናሽ ስልኩን አጠፍ አድርጋ ግንቡ ላይ አቆመችው፤ ነፋሱ አሸዋና ጨዋማ ፍንጥቅጣቂ ይዞ መጣ። መጨረሻ ላይ ስታጥፈው ማጠፊያው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። ድካሟ በልጦባት ከፍታ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቪዲዮውን በዚያው ማታ ላኩት።

በማግስቱ የውስጠኛው ስክሪን መሃል ላይ ጥቁር መስመር ወጣ። ማክሰኞ ግማሹ ጠቆረ። ዶራ ሠፈር ያለው ስልክ ጠጋኝ ገልበጥ አድርጎ አየውና «ይሄ አይጠገንም፤ ስክሪኑ እንዳለ መቀየር አለበት» ብሎ መለሰላት። ዝናሽ አልተከራከረችም። ከቆመችበት ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ተሳፈረችና መስኮቱን ተደግፋ ቤቷ ገባች።

ሐሙስ ዕለት ረሺዳ ደረጃው ላይ ጠብቃ ይዛት፣ ከሰሊማ የመጣላትን ድምፅ አሰማቻት። የልጅቷ ድምፅ ቀጭንና የተረጋጋ ነው።

«እማዬ፣ ቪዲዮው ደርሶናል። ድምፁ ያንቺ ነው፤ ፊቷን ግን አላወቅኩትም። ሳሙና የምታስተዋውቅ ሴት መሰለችኝ። አፍሽንም አትከፍቺም። አጎቴ አምሮባታል እያለ ይስቃል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ታመሽ ነው የምትደብቂኝ? እንዳለሽ ሆነሽ ላኪልኝ። ካልሆነ ይቅር፣ በድምፅሽ ብቻ እዳራለሁ።»

ረሺዳ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰች። «ኸላስ፣ በድምፅ ይበቃታል» አለች።

ዝናሽ ከረጢቷን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። ደግ የሠራች መስሏት ነበር። ስንቷን እንዲህ ወልውላ እንደላከችና፣ አገር ቤት ስንቱ ልጅ እናቱን አላውቅ ብሎ ዝም እንዳለ አሰበች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታለቅስ ነበር፤ አሁን ግን ለልቅሶም አቅም አልነበራትም።

«ማዳምሽ መቼ ትወጣለች?» አለቻት።

«ነገ ከምሳ በፊት ፀጉር ቤት አላት። ለምን?»

«እመጣለሁ።»

በማግስቱ የራሷ ማዳም ወደ ገበያ ስትወጣላት፣ ዝናሽ በሠራተኞቹ ደረጃ ወደ ስድስተኛው ፎቅ ወጣች። ረሺዳ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ትንሽ በረንዳ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ አንድ ትልቅ ሳህን ሙሉ ኩሳ አለ፤ ሊባኖሶች ልቡን ፈልፍለው ሩዝና ሥጋ የሚሞሉት ትንሹ ዱባ።

«ተይኝ ዝናሽ፣ ይሄ ሳያልቅ ማዳም ከመጣች ጩኸቷን አልችለውም።»

«እኔም እፈለፍልልሻለሁ። ስልኩ እንደሆነ ራሱ ቆሞ ይቀርጻል፤ የሚይዘው ሰው አይፈልግም።»

ስልኩን አጋማሹ ላይ አጠፈችና ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው። አንዱ ገጽ ተኛ፤ ካሜራ ያለበት ገጽ ቀጥ ብሎ ቆመ። የውጪው ስክሪን ከታች ተደፍቷል፤ ረሺዳ ራሷን የምታይበት የለም። ለዝናሽም ቢሆን ከውስጠኛው ስክሪን የቀራት ግማሹ ብቻ ነበር፤ በዚያ ረሺዳን መሃል ላይ አስገባቻት። ፊልተሩን አልነካችውም። ቀይዋን ነጥብ ተጫነች።

«ጀምሯል፣ እታለም» አለችና ከካሜራው ዓይን ውጪ መሬት ላይ ተቀምጣ ኩሳ አነሳች።

ረሺዳ አንገቷን አቀናች። «አሰላሙ ዓለይኩም። ልጄ ሰሊማ፣ እንኳን ለዚህ...» አለችና ቆመች። መፈልፈያው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። «አልችልም። ምን ልበላት?»

«ምን እየሠራሽ እንደሆነ ንገሪያት።»

ረሺዳ ወደ ሳህኑ አጎነበሰች። ከዚያ እጇ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ አፏም ተፈታ።

«ኩሳ እየፈለፈልኩ ነው። ማዳሜ ዛሬ እንግዳ አለባት። ይሄ ሲፈለፈል መሳሳት አለበት፣ ግን ከተቀደደ አይሆንም፤ ሩዙ ይወጣል። ስመጣ አላውቅም ነበር፣ ሁሉንም እቀደው ነበር።» ካሜራውን ቀና ብላ አየችው። «ጥርሷ የት ሄደ እንዳትዪ። እብነ በረድ ላይ ወድቄ ነው። አላመመኝም።» ኩሳውን ሳህኑ ላይ አኖረችው። «ውሸቴን ነው። አሞኛል። ለማን እንደምናገር አጥቼ እንጂ አሞኛል። ያንን ያማረውን ቪዲዮ የላክሁት አፍሬ ነው፤ እናት ከልጇ ታፍራለች ወይ ብለሽ እንዳትታዘቢኝ።»

ዝናሽ ቀና አላለችም። ኩሳዋን ስታዞር የመፈልፈያው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«አሁን ልመርቅሽ» አለች ረሺዳ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ድካሜ ይድረስሽ አልልሽም። ድካሜ እዚሁ እኔው ጋ ይቅር፤ አንቺ ጋ ዕረፍቱ ይድረስ። በርሽን የሚከፍተው የራስሽ ቁልፍ ይሁን። ስትታመሚ ተኚ የሚልሽ ባል ያድርግልሽ። ልጅሽ ፊደል ሲቆጥር አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አስቆጥሪው። አብዱልዋሂድ ወንድሜ፣ አባትም እናትም ሆንካት፣ አላህ ያክብርህ። ሰሊማዬ...»

ያኔ የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፤ ከሳሎኑ የቁልፍ ድምፅ ተሰማ።

«ረሺዳ፣ ወይኒክ?»

«ሓድር፣ ማዳም» አለችና ሳህኑን ይዛ ተነሳች። ቪዲዮው ላይ የቀረው ባዶው በርጩማ ነበር። ዝናሽ ስልኳን አጥፋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በደረጃው ወረደች። በዚያ ግማሽ ስክሪን ቆርጦ መቀጠሉ አድካሚ ስለነበር ለረሺዳ «መጨረሻውን ምን ላድርገው?» ብላ ጻፈችላት። «እንዳለ ላኪው» አለቻት ረሺዳ።

ሰርጉ አለፈ። በሚቀጥለው እሑድ ረሺዳ አብዱልዋሂድ የላከውን የሰርጉን ቪዲዮ ለማየት ባውሽሪዬ መጣች። ረጅም ቪዲዮ ነው። የዝናሽ ስልክ ግማሹ ጥቁር ስለሆነ በረሺዳ ትንሽ ስልክ ያዩት ጀመር። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተደገፉ። ከታች የጎረቤቱ ጄኔሬተር ያጉረመርማል። ዳሱ፣ ወንበሮቹ፣ የሚገቡትና የሚወጡት ሰዎች ታዩ። ረሺዳ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠራች «ሱለይማን ሸብቷል፤ ያቺ የጎረቤታችን ልጅ ናት» ትላለች። ቃላቱ እየተራራቁ መጡ።

«ሰማያዊ የለበሰችው ሰሊማ ናት?» አለች ረሺዳ፣ ዓይኗ እየከበደ።

«አይደለችም። ሙሽራዋ ገና አልወጣችም።»

ዝናሽ ሌላ ጥያቄ ብትጠብቅም አልመጣም። ዞር ስትል ረሺዳ አፏን ከፈት አድርጋ፣ ጭንቅላቷ የዝናሽ ትከሻ ላይ ወድቆ ተኝታለች። ልትቀሰቅሳት አሰበችና ተወችው። ቪዲዮውን ልታቆመውም ፈልጋ ነበር፤ ግን ማየት አማራትና ድምፁን ቀነሰችው።

ሰሊማ ነጭ ለብሳ ወጣች። ቁመቷ የእናቷ ነው። አንድ ሰው ቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ላይ አቆመና የኩሳው ሳህን ታየ። መጀመሪያ ጥቂት ሴቶች ሳቁ። «አሞኛል» ስትል ሳቁ ቆመ። ሰሊማ ከሙሽራው ጎን ተነስታ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች፤ ወንበር አልጠየቀችም፣ በነጭ ልብሷ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ቴሌቪዥኑ ላይ ረሺዳ ስትጠራና ስትነሳ፣ በርጩማው ባዶውን ሲቀርም ሰሊማ አልተነሳችም። አጎቷ መጥቶ ክንዷን እስኪይዛት ድረስ ባዶውን በርጩማ ታየው ነበር። ከዚያ ፊቷን ጠራርጋ ተነሳችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ዘፈኑ ቀጠለ።

ዝናሽ ቪዲዮውን አቆመችው። ረሺዳ እንደተኛች ነች፤ ትንፋሿ ከባድና የተስተካከለ ነው። ዝናሽ ሳትነቃነቅ፣ ትከሻዋ እስኪደነዝዝ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከግድግዳው ላይ ስትወርድ ግን ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ ረሺዳ ከምሽት በፊት ካልገባች ማዳሟ በሩን ትቆልፋለች።

«እታለም» አለቻት ጉንጯን በቀስታ እየነካች። «ያላ፣ ተነሺ። ሰዓቱ ደርሷል።»

ረሺዳ ዓይኗን ገልጣ የት እንዳለች ለማወቅ ጣሪያውን አየች። «አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ሰሊማ ወጣች?»

«ወጥታለች። ሰርቪሱ ውስጥ ታያታለሽ፤ እኔ እስከ ቨርደን አብሬሽ እመጣለሁ።»

«አንቺ እኮ ደክሞሻል» አለች ረሺዳ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች።

«ደክሞኛል» አለች ዝናሽ፤ ቦርሳዋን አንስታ በሩን ከፈተችላት።