ያለፈው የመርፌ ቀን

የወለተ ሩፋኤል የመርፌ ቀን ካለፈ ሰንብቷል። መንገዱ ተዘግቶ ባጃጁም ሥራ አቁሞ ስለነበር እስከ ዘንዘልማ ጤና ጣቢያ ድረስ መሄድ አልቻለችም። ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሚያድሩት ባሏ ግን ከዚያ ወዲህ ቤት አድረዋል። አሁን አርግዤ ይሆን እያለች ቀን ትቆጥራለች።

የመጨረሻ ልጇን እናቷ ዘንድ ዘጌ ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ፣ በሞተር ጀልባ ሐይቁን አሻግረው ሆስፒታል በማድረስ ነው ያተረፏት። "ቶሎ ብታረግዢ ለሕይወትሽ ያሰጋል" ብሏት ነበር ሐኪሙ። የወሊድ መከላከያ መርፌውን የጀመረችው ያኔ ነው። ባሏ ቄስ ገብረ ሕይወት ግን አያውቁም።

መንገዱ እንደተከፈተ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ሄደች። ነርሷ ፀደንያ ሽንቷን መርምራ፣ "እርግዝና አይታይም" አለቻት። "ግን ገና ስለሆነ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግመን እናያለን።"

"እስከዚያስ?"

"ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ላድርግልሽ። ለዓመታት ያገለግላል። ተረግዞ እንኳ ቢሆን ፅንሱን አይጎዳም። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ከባልሽ ጋር ሳትተኚ ቆዪ።"

ክንዴ ላይ የሚታሰረውን ፋሻ ባሌ ያዩታል ብላ አመነታች። ኋላ ግን ክንዷን ዘረጋች።

ከሰዓት ቄስ ገብረ ሕይወት ቤት ሲገቡ ሕፃኑን ልታነሣ ብላ ክንዷን አመማት።

"ምን ሆነሽ ነው?"

መዋሸት አቃታት። ሁሉንም ነገረቻቸው። 

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ።"

"የሌላውን ካህን የሰሙን አገልግሎት ተራ ሁሉ እየለመንሁ ቤተ ክርስቲያን የማድረው ለምን ይመስልሻል? ያን ቀን ጀልባው ላይ ራስሽን የደገፍሁት እኔ ነኝ። አንቺን መቅረብ ፈርቼ ነው።"

ወለተ ሩፋኤል ጠልተውኛል ብላ ስንት ጊዜ አልቅሳለች።

"ለንስሐ አባታችን እነግራቸዋለሁ" አሉ።

"ይንገሯቸው። አውጪው ቢሉኝ ግን አላወጣም።"

እንዲህ ብላቸው አታውቅም። ቀና ብለው አዩዋት። ንስሐ አባታቸው ምን እንዳሉም አልነገሯት፤ እሷም አልጠየቀች።

የቀጠሮዋ ዕለት ጥምጥማቸውን አድርገው ተከተሏት። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከእናቶች መሃል ተቀመጡ። ሴቶቹ እየተነሡ መስቀል ተሳለሙ። አንዲት ጎረቤታቸው፣ "አባ፣ በደኅና ነው?" አለች።

"ባለቤቴን ላስመረምር ነው።" 

ወለተ ሩፋኤል ከምርመራ ክፍሉ ስትወጣ ብድግ አሉ።

"እርግዝና የለም" አለቻቸው ቀስ ብላ።

ቄሱ ተመልሰው ተቀመጡ። እስኪነሡ ድረስ አጠገባቸው ቆማ ጠበቀቻቸው።