የጥሩነሽ አክሲዮን

ደምበጫ ከተማ ስትሰፋ የፈንታና የጥሩነሽ መሬት ፕላኑ ውስጥ ገባ። ፈንታ ከአባቱ የወረሰው፣ ጤፍ የማይነፍግ መሬት ነበር። ካሳው ሲከፈል ፈንታ ወፍጮ እንትከል አለ። ጥሩነሽ ግን ወፍጮ ይሰበራል፣ መብራት ይጠፋል፣ ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥና ረጋ ብለን እናስብበት አለች። ፈንታም እሺ አለ። በቤቱ ነገር ከእሷ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ከባንክ ሁሉ ጥሪት ባንክን የመረጡት በየሺዋስ ምክንያት ነው። የሺዋስ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን የጎረቤታቸው ልጅ ነው፤ እናቱ አልጋ ላይ በወደቀች ጊዜ አጉርሳ ያሳደገችው ጥሩነሽ ናት። በዓል በመጣ ቁጥር ጉልበቷን ስሞ ነው የሚቀመጠው።

ከፋሲካ በኋላ አንድ የገበያ ቀን ይኸው የሺዋስ ቢሮው አስገብቶ ወንበር ሳበላት።

"እትዬ ጥሩነሽ፣ ይህን ሁሉ ብር በቁጠባ አስተኝተው ምን ያደርግልዎታል? ወለዱን ኑሮው እየበላው ነው። አክሲዮን ይግዙበት። ያን ጊዜ ደንበኛ ሳይሆኑ የባንኩ ባለቤት ይሆናሉ።"

"ጉዳት የለውም?"

"ባንክ እኮ ነው እትዬ። ባንክ የት ይሄዳል?"

ፈረመች። ገንዘቡን በእጇ እንኳ አልነካችውም፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ጎኑ መስኮት ተሻገረ፣ በቃ። ማታ ለፈንታ ስትነግረው "ስንፈልገው ይወጣል?" ሲል ጠየቃት። "የራሳችን ባንክ ሆኗል ስልህ" አለችው፤ ደረቷም ሞላ አለ።

ክረምቱ ሳይወጣ መንግሥት ጥሪት ባንክን ተረከበ። ወሬውን የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ከሬዲዮ። ቦርዱ ተሰናብቷል፣ ባለአደራ አስተዳዳሪ ተሹሟል፣ ገንዘብ ያስቀመጡ ሰዎች አንድ ሳንቲም አይጎድልባቸውም ተባለ። ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ተመስገን ብላ አማተበች።

በማግስቱ ለማረጋገጥ ያህል ቅርንጫፉ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እናቴ፣ የእርስዎ ተቀማጭ አይደለም። አክሲዮን ነው።"

"ያው የእኔ ገንዘብ አይደለም?"

"ተቀማጭ ይከፈላል። አክሲዮን ግን ባንኩ ከከሰረ አብሮ ይከስራል። የሚቀር ነገር ያለም አይመስለኝም።"

"የሺዋስን ጥሪልኝ።"

"ደብረ ማርቆስ ተዛውሯል።"

ከኋላዋ ተሰልፋ የነበረችው ወለተ ኢየሱስ የበሬዋን ሽያጭ እዚያው ባንክ ያስቀመጠች ሴት ናት። ተራዋ ደርሶ ገንዘቧን ወሰደች፤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራም ወጣች። ጥሩነሽ ዓይኗን መንቀል አቃታት። እስከ ሚያዝያ የእሷም ብር እዚያው፣ ከወለተ ኢየሱስ ብር ጋር ነበር።

ፈንታ ነገሩን ሲሰማ "አንቺ ምን ታደርጊ" ብቻ አለ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። በሳምንቱ የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ በሬዎቹን ነድቶ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ አየችው። በስተርጅና የሰው እርፍ ሊይዝ ነው። ያን ቀን ሐዘኗ ቁጣ ሆነ።

በጥቅምት አስተዳዳሪው ባለአክሲዮኖችን ደብረ ማርቆስ ሰበሰባቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ከባንኩ ለራሳቸው ተበድረው አልመለሱም፣ ባንኩ ባዶ የቀረው በዚህ ነው ብሎ አስረዳ።

"ባለአክሲዮን ባለቤት ነው" አለ ሲያጠቃልል። "ባለቤት ደግሞ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላል።"

ጥሩነሽ ተነሣች።

"ባለቤት ከሆንሁ እነዚያ ሰዎች ሲበደሩ ማን ጠየቀኝ? ቤቱ ሲዘረፍ ማን ጠራኝ? ባለቤትነቴ ትዝ ያላችሁ ኪሳራው ሲመጣ ነው። መንግሥት መሬቴን ወሰደ፣ ካሳ ሰጠኝ። ካሳዬን እዚህ አስቀመጥሁ፣ አሁን እሱም የለም ትሉኛላችሁ። ገንዘቤ የቁጠባው መስኮት ላይ ሳለ ደኅና ነበር። ከዚያ ያሻገረው ሰው ያው፣ እዚያ ተቀምጧል። ተነሥቶ ይናገር።"

ሰው ሁሉ ዞረ። የሺዋስ አንገቱን ደፍቶ ተነሣ።

"በሚያዝያ ስትሸጥልኝ ባንኩ መታመሙን ታውቅ ነበር?"

የሺዋስ ወደ አስተዳዳሪው አየ።

"እናትህ ነኝ እያልሁ ነው ያሳደግሁህ፣ የሺዋስ። ታውቅ ነበር?"

"በየካቲት ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ መጥቷል" አለ። "ዋናው መሥሪያ ቤት ካፒታል ጎድሏልና አክሲዮን ሽጡ፣ ያልሸጠ ከሥራው ይነሣል አለን።"

"አንተስ ገዛህ?"

"አልገዛሁም።"

አዳራሹ ተናወጠ። ወንበር ገፍተው የተነሡ ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ወደ የሺዋስ ሲያመሩ ሰዎች ያዟቸው። አስተዳዳሪው ጸጥታ እስኪወርድ ጠብቆ፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ የገዛችሁ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ አለ።

ገና ክስ ሳይመሠረት የሺዋስ ሽማግሌ ላከ። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከሁለት ቄሶች ጋር ጥሩነሽ ቤት ገቡ፤ የሺዋስ ደጅ ቆሟል።

"ልጅሽ ነው፣ ይቅር በይው" አሉ መሪጌታ። "እሱም እንጀራው ላይ ተዝቶበት ነው።"

"የእኔን እንጀራ ቆርሶ እኮ ነው የራሱን ያዳነው፣ የኔታ። ይቅርታ አልከለክልም። ግን እዚህ ጓዳዬ ውስጥ በሹክሹክታ አይሆንም። በአዳራሹ የተናገረውን ዳኛ ፊት ይድገመው። ያን ጊዜ እታረቀዋለሁ።"

ደገመው። ከሥራው ቢባረርም ቃሉን አላጠፈም፤ ማስጠንቀቂያው የመጣበትን ቀን፣ ሽጡ የተባሉበትን ስብሰባ፣ ሁሉንም ተናገረ። ጥሩነሽም ከችሎት ሲወጣ ትከሻውን ሳመችው፤ ወደ ቤቷ ግን አልጠራችውም።

ፍርድ ቤቱ ሽያጩ ማታለል ነው፣ ገንዘቡ ይመለስ ብሎ ፈረደ። ውሳኔውን ይዛ አስተዳዳሪው ዘንድ ስትሄድ፣ መጀመሪያ አስቀማጮች፣ ቀጥሎ ሌሎች ዕዳ ጠያቂዎች፣ የተረፈ ከተገኘ እናንተ አላት። የሚተርፍ ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። ተስፋ ልሰጥዎት አልችልም አለ። ተበዳሪዎቹስ? ጉዳያቸው በሂደት ላይ ነው። ከመካከላቸው እስር ቤት የገባ አንድም ሰው የለም።

ዘንድሮ ፈንታ የደረሰውን የጤፍ እኩሌታ አስገብቶ ጎተራው አጠገብ ተቀመጠ።

"ፈረዱልሽ እኮ" አላት። "እስቲ አሁን እረፊ።"

"ፈርደው ካልከፈሉ ምኑን ፈረዱት?" አለች ጥሩነሽ። ከደምበጫ አብረዋት የከሰሩትን ሴቶች ቀጥራለች፤ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደብረ ማርቆስ ይወርዳሉ፣ እዚያ ካልሰሟቸው አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳሉ። ለስንቁ የሚሆን ሽንብራ ልትቆላ ተነሣች።