ሦስት ጭብጨባ

መስታወት ቤቱ ውስጥ አብረውት የሚሠሩት «ሬዲዮ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ስቱኮ ለጣፊው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቃል ስለማይወጣው ነው እንዲህ ያለው። ደንበኛ በገባ ቁጥር «ይኼኛው ሬዲዮ ባትሪው አልቋል፤ እኔን አናግሩኝ» ይላል። ሰው ይስቃል። ሬዲዮም አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል፤ ከዚያ አልማዙን ማስመሪያው ላይ አስደግፎ መስታወቱን አንዴ ይጭረውና ቀጭ አድርጎ ለሁለት ይከፍለዋል። እጁ ከአፉ ይልቅ ደፋር ነው።

እዚህ ከተማ ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የተወለደበት ከተማ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። ሥራውን የተማረው እዚህ ነው፤ የሚከፈለውም እዚህ ነው። እሁድ እሁድ ግን ጆሮው እዚያ ይውላል። የተወለደበት ከተማ ክለብ ሲጫወት፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ትንሿን ሬዲዮ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

ክለቡ ያን ያህል ስም ያለው አይደለም። ዋንጫ አንስቶ አያውቅም፤ ከሊጉ ወርዶም አያውቅም። አባቱ በሕይወት ሳለ «እኛ እንደ ወገብ ነን፤ ራስም አንሆን፣ እግርም አንሆን» ይል ነበር። ከድሮ ጀምሮ ቢጫ ማሊያ ስለሚለብሱ ሰው ሁሉ «ቢጫዎቹ» ይላቸዋል።

የቢጫዎቹ ደጋፊ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም፣ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ሦስት ብቻ፣ ሁሉም እኩል፣ እንደ አንድ ሰው። ተጫዋቾቹም ባሉበት ዞረው ሦስት ይመልሳሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። የሚጀምረው ግን ሁልጊዜ ደጋፊው ነው። ልጅ ሳለ ለምን እንደሆነ አባቱን ጠይቆት ነበር። «ቆሞ የጠበቀ ነዋ ቀድሞ ሰላም የሚል» አለው አባቱ።

ሬዲዮ ይህን ልማድ እዚህም አልተወም። ጨዋታው ሲያልቅ ከአልጋው ይነሣና ክፍሉ መሀል ቆሞ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል። ከሬዲዮው ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የተጫዋቾቹ መልስ ይሰማል። መልሱ ለእሱ አለመሆኑን ያውቃል፤ ቢሆንም እስኪያልቅ ይቆማል።

ግድግዳው ስስ ነው። አከራይዋ እትዬ ከወዲያ ሆነው ይሰማሉ።

«ዛሬም ሦስት ገደልክ?» ይላሉ።

«አዎ እትዬ» ይላል እሱ።

የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ለመናገር አፍሮ ነበር፤ ሁለተኛው ቀን ደግሞ የመጀመሪያውን ለማረም አፈረ። እንዲህ እንዲህ እያለ በየሳምንቱ ሦስት ትንኝ ሲገድል ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

ዘንድሮ ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። የዚህ ከተማ ክለብ ወደ ላይኛው ሊግ አደገ። የዓመቱ መርሐ ግብር በሬዲዮ ሲነበብ ቢጫዎቹ እዚህ መጥተው እንደሚጫወቱ ሰማ። ቀኑን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጻፈው። የነገራት ለእህቱ ብቻ ነው፣ በስልክ።

«እና ሄደህ ምን ልትሆን ነው?» አለችው።

«እንዲያዩኝ።»

«ማን?»

«ተጫዋቾቹ። እዚህም ሰው እንዳላቸው ይወቁ ብዬ ነው። ሦስቱን አጨበጭባለሁ፣ ይመልሱልኛል።»

«አንተ ልጅ፣ ቁርጥ አባባን ነህ እኮ» አለችው። «ማሊያውን ታዲያ ልበስላቸው። ብል አልበላውም?»

አልበላውም። የአባቱ ማሊያ ነው፤ አባቱ ሲቀበር እህቱ አጥፋ የሰጠችው። ክሳዱ ትንሽ ሳስቷል እንጂ ቢጫነቱ አሁንም ዓይን ይወጋል።

ዋዜማው ቅዳሜ ሬዲዮ ያልለመደበትን አደረገ፤ እጁን ቆረጠ። የመስታወቱ ጠርዝ የቀኝ መዳፉን ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ መሀል ሰነጠቀው። አለቃው ሮጠው መጥተው በፋሻ ጠቀለሉለት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጭረት ያላየሁብህ ልጅ፣ ዛሬ ልብህን የት ጥለኸው ነው?»

«ነገ ኳስ አለ ጋሼ።»

«ኳሱማ የሁላችንም ነው» አለ ስቱኮ ለጣፊው። የከተማውን ክለብ ቀይ ኮፍያ ከጠዋት ጀምሮ አድርጓል። «ከእኛ ጋር ነዋ የምትገባው?»

«እኔ በዚያኛው በኩል ነኝ።»

«በየትኛው?»

«በእንግዳው።»

ስቱኮ ለጣፊው ስፓቱላውን ወረወረና «እሰይ! ሬዲዮ ተናገረ! የተናገረው ግን የጠላት ጣቢያ ነው!» አለ። አለቃው ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ተዉት እባካችሁ፤ ሰው ወገኑን ቢል ምን ነውር አለው?» አሉ፣ ሳቁ ሲለቃቸው።

እሁድ ከሰዓት ከስታዲየሙ በስተጀርባ ያለችውን ትንሿን የቲኬት መስኮት ፈልጎ አገኛት። ከፊት ለፊት በሚገባው ሕዝብ መንገዱ ቀልቷል፤ እዚህ ግን ወፍ የለም። ቲኬት ቆራጩ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ነበር።

«የእንግዳ ደጋፊ? ስንት ናችሁ?»

«አንድ።»

«አንድ አውቶቡስ?»

«አንድ ሰው።»

ቲኬት ቆራጩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ከኋላው ሰው መኖር አለመኖሩን አየ። ከዚያ ቲኬቱን ቀደደለት። «እንዳትጋፉ እንግዲህ» አለው።

የእንግዳ ደጋፊ ቦታ የተባለው ከአንደኛው ጎል ጀርባ ያለ የሲሚንቶ ደረጃ ነው፤ ቢያንስ አምስት መቶ ሰው ያስቀምጣል። ሬዲዮ የታችኛው ደረጃ ላይ፣ ወደ ሜዳ በምታስገባው የብረት በር አጠገብ ተቀመጠ፤ በደንብ እንዲያዩት ብሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው እየተጣደፈ መጣ።

«እንኳን መጣህ! ለዚህ ሁሉ ቦታ እኔን ብቻዬን መድበውኝ እኮ ነው። በል ይችን በር ያዝልኝ፣ ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ።»

ሬዲዮ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሰውየው ሄዷል። ያን ጊዜ ዙሪያውን ሲያይ ነገሩ ገባው። በየበሩ፣ በየጥጉ የቆሙት የስታዲየሙ አስተባባሪዎች ሁሉ ቢጫ ሰደርያ ነው የለበሱት። ምን ያድርግ? አደራ ነውና በሩን ያዘ። ግድ የለም፣ የራሴ ሰዎች መቼም ማሊያቸውን አያጡትም አለ በልቡ።

ቡድኖቹ ወጡ። ቀዮቹ ወጡ፣ ስታዲየሙ ተናወጠ። ከኋላቸው አረንጓዴ የለበሱ ወጡ።

መጀመሪያ አልገባውም። ቢጫዎቹ ገና ይወጣሉ ብሎ መውጫውን ሲያይ ቆየ። ድምፅ ማጉያው «እንግዶቻችን ቢጫዎቹ» ሲል እጃቸውን ያነሡት አረንጓዴዎቹ ናቸው።

አስተባባሪው ጨዋታው ተጀምሮ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደ በኋላ ተመለሰ። ሬዲዮ እንደምንም ደፍሮ ጠየቀው።

«ቢጫ አልነበሩም እንዴ የሚለብሱት?»

«ድሮ ነዋ! አረንጓዴ ካደረጉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ገንዘብ የሚሰጣቸው ድርጅት ቀለም ነው አሉ።» ከዚያ የሬዲዮን ደረት አየና «ያንተ ሰደርያ ምነው ጽሑፍ የለውም?» አለው።

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። ሰደርያ አይደለም፣ ማሊያ ነው፤ እኔም ደጋፊ ነኝ ማለት ይችል ነበር። ዓይኑ ግን አረንጓዴዎቹ ላይ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ «ቢጫዎቹ እያጠቁ ነው፣ ቢጫዎቹ ኳሱን ይዘዋል» ሲባል እየሰማ፣ በዓይነ ልቦናው ቢጫ ሲያለብሳቸው ኖሯል። የስልኩ መስኮት ከቁጥር በቀር ምንም አያሳይ፤ አልፎ አልፎ የሚያየው ጋዜጣም ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ቀለም አያወራም።

ከዕረፍት በፊት ጎል ገባ። ያገባው የእሱ ቡድን ነው፤ የገባውም እዚሁ አፍንጫው ሥር ነው። ሬዲዮ ዘሎ ተነሣ። አጥቂው እጆቹን ዘርግቶ ወደ እንግዳ ደጋፊዎች ቦታ መሮጥ ጀመረ፤ ወደ እሱ እየመጣ ነው፤ ላቡ እስኪታይ ድረስ ቀረበ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ዘንድ ሲደርስ ቀና ብሎ አየ። ባዶ ደረጃና ሁለት ቢጫ የለበሱ ሰዎች። እጆቹን አጠፈና ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

«ኧረ ቁጭ በል!» አለ አስተባባሪው፣ የሬዲዮን ክንድ እየጎተተ። «አስተባባሪ አይደግፍም። ነገ ያባርሩሃል!»

ቁጭ አለ።

በሁለተኛው አጋማሽ የእነሱ በረኛ ወደዚህ ጎል መጣ። ጺሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ረጅም ሰው ነው። ሬዲዮ ስሙን ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ፊቱን ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጀርባውን እያየ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ኳሷ አጥሩን ዘልላ እግሩ ሥር አረፈች። በረኛው ዞሮ «አስተባባሪ! ኳሷን እንጂ፣ ሰዓት ሄደ!» ብሎ ጮኸበት። ሬዲዮ ኳሷን አንሥቶ ወረወረለት። «ደጋፊ ነኝ» የምትለው ቃል ከኳሷ ጋር ጉሮሮው ድረስ መጥታ ነበር፤ ኳሷ ብቻ ሄደች።

ሊያልቅ ሲል ቀዮቹ አስቆጠሩ። አንድ ለአንድ ሆኖ ፊሽካው ተነፋ።

አረንጓዴዎቹ መሀል ሜዳ ተሰባስበው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። አንድ ሁለቱ ወደዚህ ማዶ አዩ። የሚያጨበጭብ የለም። ካልተጀመረ ደግሞ አይመለስም፤ ልማዱ እንዲህ ነው። ተራ በተራ ወደ መግቢያው ሄዱ። በረኛው ብቻ ፎጣውንና የውሃ ጠርሙሱን ከጎሉ ጥግ ሊያነሣ ወደ ኋላ ቀረ።

ሬዲዮ ተነሣ። ሁለቱን እጆቹን አጋጨ። ፋሻው ድምፁን በላው። ጥርሱን ነክሶ ፋሻውን ገፈፈው፤ የተጣበቀው ጫፍ ቁስሉን ይዞት ተላቀቀ። ከዚያ አጨበጨበ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ባዶው ሲሚንቶ ድምፁን ተቀብሎ መለሰው።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለ አስተባባሪው።

በረኛው እንደጎነበሰ ቀረ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው ከላይ ያሉትን ደረጃዎች ነው፤ ማንም የለም። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። ከዚያ ዓይኑ ሬዲዮ ላይ አረፈ፤ ከፊቱ ወደ ማሊያው፣ ከማሊያው ወደ ሳሳው ክሳድ ሄደ። ፎጣውንና ጠርሙሱን መልሶ ሣሩ ላይ አስቀመጠ። እጆቹን አነሣና ሦስት ጊዜ አጨበጨበ።

ጓንት አድርጎ ስለነበር ድምፅ አልነበረውም። ደግሞም ቀዮቹ እየዘፈኑ ነበር። ሬዲዮ ግን ሦስቱንም ቆጠረ። በረኛው ዕቃውን አንሥቶ ሮጥ ሮጥ እያለ ገባ።

«ታውቀዋለህ እንዴ?» አለ አስተባባሪው።

«አዎ። ደጋፊ ነኝ።»

«የማን?»

«የእነሱ።»

አስተባባሪው ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። «ታዲያ ምን አባክ ሆነህ ነው በር ስትጠብቅልኝ የዋልከው?»

ማታ እህቱ ደወለች። ሰላም ሳትለው «አዩህ?» አለች።

«አንዱ አየኝ።»

«አንዱ ብቻ? ምን አለህ ታዲያ?»

ሬዲዮ ያበጠ መዳፉን ገልብጦ አየው። «አልተሰማም። ጓንት አድርጎ ነበር።»

እህቱ አልገባትም። እሱም ሊያስረዳት ሞክሮ ተወው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ክፍሉ የወትሮው ክፍል ሆነ፤ አልጋው፣ ሬዲዮዋ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈው ቀን። ማሊያውን አውልቆ አጠፈው።

ከግድግዳው ማዶ የእትዬ ድምፅ መጣ።

«ዛሬ ምነው ዝም አልክ? ትንኙ አለቀ?»

«ትንኝ አልነበረም እትዬ» አለ። ድምፁ ከገመተው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ኳስ ነው።»

ከወዲያ ማዶ አልጋቸው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ኳስ?» አሉ እትዬ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኳስ ነው ስትገድል የኖርከው?»

ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ከየት እንደሚጀምር ግን አላወቀም፤ ከአባቱ ይሁን፣ ከቀለሙ ይሁን። እያሰበ ሳለ እትዬ መብራታቸውን አጠፉ።