የዓሣው ስመ ክርስትና

ለተከበራችሁ የደባርቅ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ በመምህር ዓለምነህ የኪራይ ክፍል፣ ከመጻሕፍቱ በላይ በመስታወት ገንዳ ውስጥ በክብር ተቀምጦ የሚኖረው፣ ቁመቱ አንድ አውራ ጣት የሚያህለው ቀዩ ዓሣ ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ በጎኑ መዋኘት መጀመሩ በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል። ሕዝቡ ይህን ሰምቶ ከዕለት ሥራው እንዳይስተጓጎል አደራ ይባላል።

ሕዝቡም አልተስተጓጎለም። ባጃጆቹ ይጮኻሉ፣ ገበያተኛው በጉን እየጎተተ ያልፋል። የተስተጓጎለው መምህር ዓለምነህ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት ደውሎ ጉንፋን ጥሎኛል አለና ወንበሩን ስቦ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጠ። ዓሣው ክንፉን ባነቃነቀ ቁጥር እሱም አብሮ ይተነፍሳል። ዓሣው ዝም ሲል፣ እሱም ዝም።

ሰውየው የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ በጠመኔ እየሳለ አስተምሯል። የሚተነፍስ ዓሣ ግን፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ታናሽ ወንድሙ ፀጋው እስኪያመጣ ድረስ በቅርብ አይቶ አያውቅም።

ፀጋው ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረ አንድ ሎጅ እንግዳ ተቀባይ ነበር። ፈረንጅ ቀኑን ሙሉ ጭላዳ ሲያይ ውሎ ማታ ዓሣ ቢያይ ደስ ይለዋል ብሎ አሰበና ጎንደር ወርዶ ሦስት ቀያይ ዓሦች ገዛ። በመንገዱ ያለውን የኮሶዬን ብርድ እንዲችሉለት ፌስታላቸውን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ በሚኒባስ አመጣቸው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ፈረንጁ ቀረ፤ ሎጁም ተዘጋ። ፀጋው ዓመት ከምናምን ያለ ሥራ አስፋልት ላይ ከቆመ በኋላ አንድ ቀን መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወንድሙ ደጃፍ አወረደው። እስክደውልልህ ጠብቅልኝ፣ ምግብ አታብዛባቸው፣ ቁንጥር ብቻ ነው አለና በመተማ በኩል ሄደ።

ሌላው ሰው ዓሣ ማኖር የሚጀምረው ወድዶ ነው አሉ። ዓለምነህ የጀመረው በአደራ ነው።

እንደ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ አበላቸው። የእንጀራ ፍርፋሪ ጣለላቸው፤ ውኃው ሽሮ መሰለ። ቀጥሎ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኩ ላይ እየተደፋ ማንበብ ጀመረ። ብርድ ሲጠና መስታወቱን ጋቢ አለበሰው፤ እሱ በነጠላ ተኛ። አከራዩ እትዬ ጽጌሬዳ ረቡዕና ዓርብ በመጣ ቁጥር በመስኮት ብቅ ይሉና መቼ ነው የምትጠብሳቸው፣ ዘይቱን እኔ አዋጣለሁ ይሉታል። ከሦስቱ ትልቁን ፀጋው ከንቲባ ብሎ ነበር ስም ያወጣለት፤ ቀኑን ሙሉ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ የሚወጣ ነገር የለም።

ፀጋው ከካርቱም ሁለት ጊዜ ደወለ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሊቢያ በረሃ አፋፍ። የመጨረሻዋ ጥሪ ግማሽ ደቂቃ አትሞላም፤ ስለ እናታቸው ጠየቀ፣ ከንቲባው እንዴት ነው አለ፣ ተቋረጠ። ይኸው ሰባት ወር።

በአራተኛው ወር ግድም አንድ ሐሳብ፣ መቼና በየት በኩል እንደገባ ሳይታወቅ፣ የመምህሩ ጭንቅላት ውስጥ ተከራይቶ ተገኘ፦ ዓሦቹ ካሉ ፀጋው አለ። ድመት መንገድ አቋረጠችን ብለው ያረፈዱ ተማሪዎች ላይ ሲያፌዝ የኖረ ሰው ነው። ሐሳቡን ሊያስወጣው ሞከረ፣ እንቢ አለው። ማንም እንዳይሰማበት አደረገ እንጂ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ሳይቆጥር እግሩን ከአልጋ አያወርድም።

ታዲያ ሰኞ ዕለት ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ የከረመው የቧንቧ ውኃ መጣ። ከደስታው ብዛት መስታወቱን እስከ ታች ገለበጠ፣ በሰፍነግ ፈትጎ አጠበ፣ ከቧንቧው እስከ አፉ ሞላው። ያ ውኃ መድኃኒት ተጨምሮበት ነበር፤ ሽታው ከግቢው በር ይጣራል። ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ እንዴት እንደሚጎዳ ባለፈው ሴሚስተር ለአሥራ አንደኛ ክፍል በፈተና ያወጣው ራሱ ነው፤ አምስት ነጥብ ሰጥቶታል። ማታ ላይ ሁለቱ ተንሳፈፉ። ማክሰኞ ጠዋት ከንቲባው በጎኑ ሆነ።

መድኃኒት ያልነካው ውኃ ያስፈልጋል። ወንዙ የልብስ ማጠቢያ ነው፤ የጉድጓድ ውኃም በዚያ ወቅት ጭቃ ነው። የቀረው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚፈልቀው ጠበል ነው። ዓለምነህ ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ወጣ። መንገዱን በሙሉ ለራሱ ትምህርት ሰጠ፤ ይህ ኬሚስትሪ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም እያለ።

ጠበሉን የሚያስቀዱት አባ ሕሩይ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። የእሳቸው ሥርዓት ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ታማሚው ራሱ ካልመጣ ሕመሙን ጠይቀው፣ ስሙን በደብተር ጽፈው፣ በየማለዳው ጸሎት ሳይጠሩ ጠበል አይወጣም።

«ሕመምተኛው ምኑን ነው የሚያመው?» አሉት።

«ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አባ። በጎኑ ነው የሚውለው።»

«እህል ይቀምሳል?»

«ይተፋዋል።»

«ይናገራል?»

«ድሮም ብዙ አይናገርም።»

አባ ሕሩይ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለው ክፉ ነው፣ ውስጡን ነው የያዘው አሉና እስክሪብቷቸውን አንሥተው፦

«ስመ ክርስትናው?»

ዓለምነህ ጀሪካኑን አንሥቶ መሄድ ይችል ነበር። የራሱን ስም መስጠት ይችል ነበር። አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሠርፀ ድንግል» አለ።

ቃሉን ከራሱ አፍ ሲሰማው አጠገቡ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ፀጋው በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ የተሰጠው ስም ነው። ከእናታቸው፣ ከዓለምነህና ከክርስትና አባቱ በቀር በሕይወት ያለ ሰው የሚያውቀው የለም። አባ ሕሩይ ጻፉ፣ መስቀላቸውን አሳለሙት፣ ያን ዓይነት ስም ድሮ ቀረ፣ ደግ ስም ነው አሉት።

ጠበሉ መስታወቱ ውስጥ ገባ። እኩለ ቀን ላይ ከንቲባው ቀና አለ። ሐሙስም ዓርብም ዓለምነህ ሌላ ጀሪካን ቀዳ፤ በየማለዳው በበሽተኞቹ መሐል ቆሞ አባ ሕሩይ ስሞቹን ሲያነቡ ሠርፀ ድንግል የሚለው ላይ ሲደርሱ ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ እግዚኦ ይላል። ዓርብ ማታ ዓሣው ከጣቱ ሥር ምግብ ወሰደ። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየው ሳይገላበጥ አደረ።

ቅዳሜ ጠዋት ከንቲባው ከታች፣ ጠጠሩ ላይ ነበር። መስታወቱን አንኳኳለት። ጣቱን ሰደደ። ከዚያ አወጣውና፣ ሌላ ነገር ስላላገኘ፣ በፈተና ወረቀት ጠቀለለው። ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም፤ ወደ ኮቱ ኪስ ከተተውና መሐል ክፍሉ ቆመ። ወንድሜ ሞተ ብሎ አላሰበም። ምንም አላሰበም። እጁ ብቻ ኪሱ ውስጥ እርጥቡን ወረቀት ይዞ ቀረ።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። እናቱ ወይዘሮ ታየች ናቸው፤ ከዳባት በመጀመሪያው ሚኒባስ ገስግሰው መጥተዋል። ከኋላቸው በከዘራ የሚያነክሱት ሽማግሌ አያ ገሠሠ ናቸው፤ የፀጋው የክርስትና አባት። ለጉልበታቸው ብለው እዚያው ጠበል ሁለት ሳምንት ተቀምጠዋል። ዓርብ ጠዋት ወደ ፊት ተጠግተው ቢቆሙ፣ ራሳቸው አቅፈው ያስነሡትን ልጅ ስም ከአባ ሕሩይ አፍ ሰሙ፤ እግዚኦ እያለ የሚጮኸው ማን እንደሆነም አዩ። ለዓለምነህ አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ ሲመሽ ዳባት ለእናቱ ደወሉ።

ወይዘሮ ታየች ሰላም አላሉም። አልጋውን አዩ፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው አዩ፣ ከበሩ ጀርባ አዩ። በአንድ እጃቸው የቅቤ ቅል፣ በሌላው የበሶ ቋጠሮ ይዘዋል።

«የት አስተኛኸው?» አሉ።

ዓለምነህ በነጻ እጁ ወንበሩን ሳበላቸው።

«እዚህ የለም? ይሁን፣ እዚህ ባይሆንም። ሆስፒታል ነው? እዚያው በሰው አገር ነው? ይሁን።» ቋጠሯቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ባዶው መስታወት አጠገብ አኖሩ። «ታመመ ማለት አለ ማለት ነው፣ ልጄ። ለሞተ ሰው ጠበል አይቀዳም። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ስል ነው ያደርኩት፤ አመመው፣ ተመስገን፣ አመመው።»

ተቀመጡና ውኃ ስጠኝ አሉት። ሰጣቸው። በሰባት ወር ውስጥ ፊታቸው እንዲህ ሆኖ አላየውም፤ አንድ ሰው ደህና እንቅልፍ ከተኛ በኋላ የሚኖረው ዓይነት ፊት ነው። እውነቱን ልንገራቸው ቢል እውነቱ ኪሱ ውስጥ ነው፣ በፈተና ወረቀት ተጠቅልሎ። ደወለልኝ ቢላቸው ደግሞ ነገ ቁጥሩን አምጣ ይሉታል፤ ከነገ ወዲያ ድምፁን አሰማኝ።

«ደወለልህ?» አሉት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይኸን ብቻ ንገረኝ፣ ዓለሜ።»

ከንፈሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

አያ ገሠሠ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። ሦስት ቀን ሙሉ ስሙን አስጠርተሃል፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ጠበል ላይ ቆሞ በስም የሚቀልድ ሰው የለም፣ እናትህን ከምታቃጥላት ተናገር አሉት። አሁን ደግሞ እትዬ ጽጌሬዳም በመስኮት ብቅ ብለዋል።

«እኮ ለማን ነው የቀዳኸው?» አሉ አያ ገሠሠ።

ዓለምነህ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አልናገርም» አለ።

«ለእናትህም?»

«ለእናቴም፣ ለርስዎም። አልናገርም።»